ፍሙን አዳፍኖ ማደር

(በጸሐፍት ስብሰባ ላይ በቃል የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ተስተካክሏል፤ በመጨረሻ የተነሣው ጥያቄም ተካትቷል።)

እንደምን አመሻችሁ።

ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደ መጣችሁ ከያዛችሁት ቦርሳና አንገታችሁ ላይ ከቀረው የመታወቂያ ማሰሪያ አያለሁ። እኔም እንደዚያው ነኝ። ከሁለት ሰዓት በፊት ጠረጴዛዬ ላይ የሦስት ወር የባንክ ማስታረቂያ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በሙያው አሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ። በእነዚህ አሥራ አራት ዓመታት ሁለት የአጭር ልብ ወለድ መድብሎችና አንድ ረጅም ልብ ወለድ ጽፌአለሁ፤ አሁንም ሌላ ጀምሬአለሁ። ይህን የምነግራችሁ ስለማላውቀው ኑሮ ከሩቅ ሆኜ እንደማላወራ እንድታውቁት ነው።

አዘጋጆቹ የጠሩኝ «መደበኛ ሥራ ይዞ ለመጻፍ ተነሣሽነት ከየት ይመጣል?» በሚል ጥያቄ ነው። ሁላችንም የምንሰጠው መልስ አለ፤ ጊዜ የለም፣ ድካም አለ፣ ሙዱ አይመጣም። ውሸት አይደለም። ግን ራሴን ለዓመታት ስመለከት የደረስኩበት ሌላ ነገር አለ፤ ዛሬ የምናገረውም ስለዚያ ብቻ ነው። ሥራ ይዞ የሚጽፍን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያቆመው ርቀት ነው። ከታሪኩ መራቅ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ዓለም ውስጥ እንውላለን። አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ወር እዚያው እንቆያለን። ስንመለስ መንገዱ ይጠፋናል። መንገዱ የጠፋበት ሰው ደግሞ ልቡ እንዴት ይነሣሣ?

አንድ ያጋጠመኝን ላጫውታችሁ።

የረጅም ልብ ወለዴን ሰባተኛ ምዕራፍ እየጻፍኩ ሳለ የበጀት ዓመት መዝጊያ ደረሰ። ሒሳብ ክፍል የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ቆጠራ አለ፣ ማስታረቅ አለ፣ ኦዲተሮች ይመጣሉ፣ የጠፋ ሰነድ ይፈለጋል፤ ሰው ቤቱን የሚያውቀው ለመኝታ ብቻ ነው። አርባ ቀን ያህል አንድ መስመር ሳልጽፍ አለፈ። ሁሉም ነገር ሲያበቃ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት ረቂቁን ከፈትኩ። ገጹ ላይ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማለች። እጇ ላይ ደብዳቤ አለ። ጽሑፉ እዚያ ላይ ያበቃል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግን ሴትዮዋ ለምን እንደ ቆመች፣ ደብዳቤው ከማን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ አላውቅም። ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ ተመልሼ አነበብኩ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈዝዤ ከተቀመጥኩ በኋላ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ አራት ወር አልከፈትኩትም። ሰው ሲጠይቀኝ «ጊዜ አጣሁ» እላለሁ። ጊዜ ግን ነበረኝ፤ መዝጊያው አልፏል። ቀጥዬ «ስሜቱ ጠፋብኝ» ማለት ጀመርኩ። በመጨረሻ፣ ይህን መናገር ይከብደኛል፣ ድሮም ጸሐፊ አልነበርኩም ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ የዓመቱን ፋይል ሳገላብጥ ከአንድ የሒሳብ ማጣሪያ ወረቀት ጀርባ የራሴን እጅ ጽሑፍ አገኘሁ። በእርሳስ፣ በችኮላ የተጻፈ ነው። «ጽሕፈቱን ታውቀዋለች። የእናቷ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን አትከፍተውም።» ቆጠራው ሲጀመር ሐሳቡ እንዳያመልጠኝ ብዬ ጽፌው ኖሯል፤ ወረቀቱ ከሰነዱ ጋር ታስሮ ፋይል ገባ። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሴትዮዋ ለምን እንደ ቆመች ያኔ ገባኝ። የዚያን ዕለት ማታ ቤቴ ስገባ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ደክሞኝ ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ጻፍኩ።

አራት ወር ሙሉ አጣሁት ያልኩት ተነሣሽነት ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ሳስብ ፊቴ ላይ የሚመጣው እሳት ማዳፈን ነው። እሳት አዳፍኖ የሚያድር ሰው ማታ ፍሙን ሰብስቦ አመድ ያለብሰዋል። ሲያዩት የጠፋ ይመስላል። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጎ፣ ጭራሮ ጣል አድርጎ እፍ ሲልበት ይያያዛል። ሳያዳፍን ያደረ ሰው ግን ጠዋት የሚጠብቀው ቀዝቃዛ አመድ ነው፤ ክብሪት ፍለጋ ይሄዳል፣ እርጥብ እንጨት ይታገላል፣ ጢስ ዓይኑን ይልጠዋል። ሁለቱም ያሳለፉት እኩል ሌሊት ነው። ልዩነቱ የመጣው ማታ ከመተኛታቸው በፊት በነበረችው ትንሽ ጊዜ ነው። እኛም በየጠዋቱ ክብሪት ፍለጋ እየሄድን «ዛሬ እሳት የለኝም» የምንል ይመስለኛል።

ታዲያ እንዴት ነው የሚዳፈነው?

ለመጻፍ አንድ ሰዓት ካለኝ ሃምሳውን ደቂቃ እጽፋለሁ፤ የመጨረሻዋ ዐሥር ደቂቃ የነገ ናት። በዚያች ዐሥር ደቂቃ አዲስ ነገር አልጽፍም። ትዕይንቱንም አልጨርስም። ኧርነስት ሄሚንግዌይ ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቀ እንደሚያቆምና በማግስቱ ከዚያው እንደሚነሣ ተናግሯል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ይህ ጥሩ ምክር ነው፤ ለእኛ ግን ከምክርም በላይ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ማግስት ሐሙስ ወይም የሚቀጥለው ወር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማወቅ ብቻውን አይበቃንም፤ የምናውቀውን መጻፍ አለብን። ገጹ ግርጌ ላይ ነገ ለሚመጣው ለራሴ አንድ ወይም ሁለት መስመር እተውለታለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መጀመሪያ አካባቢ የምጽፋቸው ማስታወሻዎች «የወንድማማቾቹን ጠብ ጨርስ»፣ «ምዕራፍ ዘጠኝን አሳጥር» ዓይነት ነበሩ። በማግስቱ ሳነባቸው ልቤ ዝቅ ይላል። ለምን? ከቢሮ የሥራ ዝርዝር ምንም አይለዩም። ቀኑን ሙሉ «ይህን ጨርስ፣ ያንን አስረክብ» ስባል ውዬ ማታም ራሴን በዚያው ድምፅ አዝዛለሁ። አሁን ስለ ጠቡ ማስታወሻ ብጽፍ እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «ታናሹ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ታላቁ ቁልፉን ያያል፤ ታናሹን አያየውም።» ይህን በማግስቱ ያነበበ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይፈልጋል። መፈለግ ማለት ደግሞ እኮ ይኸው ነው፤ ስንጠብቀው የነበረው ተነሣሽነት ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም።

ይህን ያወቅኩት ከልምድ ነው፤ በኋላ ግን አንድ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ገለጠልኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያልተጠናቀቀ ጉዳይ የሰውን ሐሳብ እየገባ እንደሚረብሽ፣ ሰውየው ጉዳዩን መቼና እንዴት እንደሚፈጽመው ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲያወጣ ግን ጉዳዩ ገና ሳይሠራ ረብሻው እንደሚቀር አሳዩ። ይህን ሳነብ ሁለት ነገር ሆነልኝ። አንደኛው ለቢሮው ነው። ከመውጣቴ በፊት ያላለቀውን ሁሉ፣ ነገ በስንት ሰዓት ከማን ጋር እንደምጨርሰው ጭምር ወረቀት ላይ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ትቼው እሄዳለሁ። ቢሮው እዚያ ያድራል። ሁለተኛው ለታሪኩ ነው፤ እዚህ ላይ ተቃራኒውን አደርጋለሁ። ዕቅድ አእምሮን የሚያሳርፍ ከሆነ፣ ታሪኬ ላይ እንዲያርፍ አልፈልግም። ነገ ምን እንደምጽፍ ሙሉ በሙሉ ከጨረስኩት ሐሳቡ ይለቀኛል፤ ቀኑን ሙሉ አይመላለስብኝም። ስለዚህ ለቢሮው ዕቅድ፣ ለታሪኩ ያልተመለሰ ጥያቄ። ታላቁ ወንድም ለምን አላየውም? በታክሲም በሰልፍም ይኸው ጥያቄ አብሮኝ ይሄዳል።

ይህን ጠዋት ጠዋት በትክክል ሲሠራበት የኖረ አንድ ሰው ላንሣ። አንቶኒ ትሮሎፕ እንግሊዛዊ ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1834 በ19 ዓመቱ ፖስታ ቤት ተቀጠረ፤ እስከ 1867 ድረስም ከዚያው አልወጣም። ከተራ ጸሐፊነት ተነሥቶ በየቦታው እየዞረ የፖስታ አገልግሎትን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ሆነ። ትቶ ያለፈው 47 ልብ ወለድ ነው። ከንጋቱ 11:30 ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ሰዓቱን ከፊቱ አድርጎ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል። የሚቀሰቅሰው አንድ አሮጌ አገልጋይ ነበር፤ ለዚህ ሥራ ብቻ በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለት ነበር፤ ለስኬቱ ከማንም በላይ የዚያ ሰው ባለዕዳ እንደሆነም ጽፏል። በባቡር ሲሄድ ጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጣት የመጻፊያ ሰሌዳ ነበረችው።

ስለ ትሮሎፕ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው 250 ቃሉን ነው። ሰው ይሰማና ወይ ይቀናል ወይ ተስፋ ይቆርጣል። እኔን የያዘኝ ግን እሱ ራሱ የጻፈው አንድ ሌላ ነገር ነው። ከሦስቱ የማለዳ ሰዓታት የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የሚያሳልፈው ትናንት የጻፈውን በማንበብ፣ የቃላቱን ድምፅ በጆሮው በመመዘን ነበር። ተመልከቱ፤ በደቂቃ የሚቆጥር ሰው ነው። ከሦስት ሰዓቱ ላይ ግማሽ ሰዓት ለመመለሻ ከፍሏል። አመዱን እየገለጠ ነበር። ከዚያ በኋላ 250 ቃል ቢመጣለት አይደንቅም።

እኔ ግማሽ ሰዓት የለኝም። ሰባት ደቂቃ አነባለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ድምፅ ማውጣቱ አስፈላጊ ነው። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ የነበረው የስብሰባ ቋንቋ፣ «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» የሚለው ደብዳቤ ሁሉ፣ የታሪኩን ድምፅ ስሰማ ቀስ እያለ ይወጣልኛል።

ሁለተኛው ማዳፈኛ ቀኑ ውስጥ ያለው ክፍተት ነው። ዋላስ ስቲቨንስ የሚባል አሜሪካዊ ገጣሚ የኢንሹራንስ ኩባንያ ጠበቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1934 የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1955 እስኪሞትም ከሥራው አልወጣም። መኪና አይነዳም፤ ወደ ቢሮው በእግሩ እየሄደ ግጥሞቹን በልቡ ይሠራ ነበር። ቶኒ ሞሪሰን ደግሞ በራንደም ሐውስ የመጻሕፍት አርታዒ ሆና እየሠራች፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን እያሳደገች ነው የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ጽፋ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመችው፤ በ1993 ኖቤል ተሸልማለች። ሥራ በነበራት ዘመን በመደበኛ ሰዓት መጻፍ እንዳልቻለች፣ በሥራ መካከልና ገና ሳይነጋ በጥድፊያ ትጽፍ እንደ ነበር ተናግራለች። ያ ጥድፊያ የሠራላት ግን ባዶ እጇን ወረቀቱ ጋ ስለማትደርስ ይመስለኛል። ወደ ሥራ ስትነዳ፣ በምድር ባቡር ስትሄድ፣ ሣር ስታጭድ ሳይቀር ታብሰለስለው ነበር። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት መጻፍ የማይቻለው ሰው፣ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ማሰብ ይችላል። እኔ ከመኪና ወርጄ እስከ ቢሮ በር ያለችውን የዐሥራ ሁለት ደቂቃ መንገድ ለዚህ ነው የምጠብቃት። ስልክ አላነሣም። ዜና አልሰማም።

ስለ ድካም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ድካም አንድ ዓይነት አይደለም። ከሰው ጋር ሲነጋገር የሚውል፣ ደንበኛ ሲያስተናግድ የዋለ ሰው የሰለቸው የሰው ፊት ነው፤ ለእሱ ብቻውን ተቀምጦ መጻፍ ዕረፍት ሊሆንለት ይችላል። እንደኔ ቀኑን ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው የደከመው ዓይኑ ነው፤ ማታ ሌላ ስክሪን ቢከፍት ሰውነቱ ራሱ እምቢ ይለዋል። እኔ የመጀመሪያውን ረቂቅ በእጄ መጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው። በጉልበቱ የሚሠራ ሰው ቀኑን አእምሮው ነጻ ነው፤ ማታ ግን ቁጭ ሲል እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ይህ ሰው ቁጭ ሳይል፣ በስልኩ ድምፅ መቅጃ እየተናገረ ቢያስቀር ይሻለዋል። ከሁሉም የማዝንለት ሥራው ራሱ ቃል ለሆነው ነው። ጋዜጠኛ፣ የቋንቋ መምህር፣ ተርጓሚ፣ ሪፖርት ጸሐፊ። እነዚህ ማታ ሲመጡ ቃላቸው አልቋል። ለእነሱ የማውቀው መፍትሔ ጠዋት ብቻ ነው፤ ቃሉ ለሌላ ሳይሰጥ በፊት፣ ሃያ ደቂቃም ብትሆን።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን ይተኛ። ሕፃን ያለበት ቤት አለ፣ የታመመ የሚያስታምም ሰው አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ጎበዝ፣ ጨክን» የሚል ምክር ክፉ ምክር ነው። ለእሱ የምለው በቀን አንድ መስመር ማስታወሻ ብቻ ነው። ታሪክ አትጻፍ፤ ፍሙ እንዳይጠፋ ብቻ አመድ አልብሰው።

ወጣት ጸሐፍትን ከሁሉ በላይ የሚጎዳቸው አንድ ሌላ ነገር አይቻለሁ፤ የአንድ ሌሊት ምኞት ነው። ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ፕራግ ውስጥ በሠራተኞች የአደጋ መድን ተቋም ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 መስከረም ውስጥ አንድ ሌሊት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተቀምጦ አንድ ሙሉ ታሪክ በአንድ ትንፋሽ ጻፈ። እግሩ ደንዝዞ ከጠረጴዛው ሥር ማውጣት አቅቶት እንደ ነበር፣ መጻፍም ማለት እንዲህ ብቻ እንደሆነ በማስታወሻው አሰፈረ። ያችን ሌሊት ስናነብ ሁላችንም ልባችን ይቃጠላል። እኔም ተቃጥሎብኛል። ዓመት ሙሉ ያችን ሌሊት የጠበቅኩበት ጊዜ አለ። ግን ካፍካ የጀመራቸው ሦስቱ ረጃጅም ልብ ወለዶች ሦስቱም ሳይፈጸሙ ቀርተዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በሽታም ነበረበት፤ በአንድ ነገር ላይ አላላክከውም። ይሁን እንጂ አጭር ታሪክ በአንድ ሌሊት ቢሞላም ረጅም ሥራ በአንድ ሌሊት አይሞላም። ረጅም ሥራ መቶ ጊዜ ተቋርጦ መቶ ጊዜ የሚመለሱበት ነው። መመለስን ያልተለማመደ ሰው ያቺ ሌሊት ብትመጣለት እንኳ በማግስቱ ቢሮ ገብቶ ሲወጣ መንገዱ ይጠፋዋል።

ስለ ጠፉ ቀናት ደግሞ በሙያዬ ልናገር። ብዙ ሰው ያልጻፈበትን ቀን እንደ ዕዳ ይይዘዋል። በቀን 300 ቃል ልጽፍ አለ፤ ሰኞ ቀረ፤ ማክሰኞ 600 ሆነበት፤ ረቡዕ 900። ዓርብ ላይ ዕዳው ስለሚያስፈራው ረቂቁን አይከፍትም። እኛ ሒሳብ ቤት የዞረ ሒሳብ የምንለው አለ፤ ካለፈው ወር ወደዚህ ወር የሚተላለፍ። ያልተጻፈ ቀን አይዞርም። መዝገቡን ዝጉት። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ በፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ የለንደን ጥናት 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲያበጁ ተከታትሏል። ልማዱ ሳይታሰብ የሚሠራ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ ከሰው ሰው ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይለያያል፤ መካከለኛው 66 ቀን ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መሠረት ያን ያህል እንዳልጎዳው ማግኘታቸው ነው። ቀን መዝለል አይገድልም። የሚገድለው የዘለልነውን ቀን በማፈር አምስት ቀን መደበቅ ነው። እኔ አራት ወር ተደብቄአለሁ፤ ስለዚህ አውቀዋለሁ።

ሥራውን ልተወው ወይ የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ስለዚህ ረጅም አልናገርም፤ የየሰው ኪስና ኃላፊነት ይለያያል። ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት እ.ኤ.አ. ከ1917 እስከ 1925 በሎይድስ ባንክ ሠርቷል፤ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ሊያስወጡት ቢሞክሩም የወጣው አሳታሚ ድርጅት ውስጥ ሌላ ሥራ ሲያገኝ ነው። ከእኛው ቋንቋ ሐዲስ ዓለማየሁ ረጅም ዘመን በዲፕሎማትነትና በአምባሳደርነት አገልግለዋል። እኔ በበኩሌ ሥራዬ ለጽሑፌ የሰጠኝን አልክድም። አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ጡረታ ሲወጡ ቁልፎች ሲያስረክቡ አየሁ። እያንዳንዱን ቁልፍ በመሐረባቸው ወለወሉ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ግን አልወለወሉትም፤ «ይኼ ከተቀየረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ ምንም አይከፍትም» አሉና ከሌሎቹ ጋር አስረከቡት። ለምን ዘጠኝ ዓመት ይዘውት ኖሩ? ይህን ቤቴ ተቀምጬ አላገኘውም ነበር።

ሌላም የሰጠኝ ነገር አለ። ታሪኬ ደመወዝ እንዲያመጣልኝ አልጠብቅም። ቀስ ብሎ ቢያድግ ማንም አይራብብኝም። በዚህ ምክንያት ሴትዮዋን በር ላይ የፈለገችውን ያህል ላቆማት እችላለሁ።

ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል፤ ጥያቄ ካለ ልስማ።

(ብዙ ጥያቄ ተነሥቷል። አንዱን ብቻ እዚህ አስቀምጬዋለሁ።)

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ተነሣች። ነርስ እንደሆነች፣ በፈረቃ እንደምትሠራ፣ አንድ ሳምንት ቀን አንድ ሳምንት ሌሊት እንደምትገባ ተናገረች። «እርስዎ ጠዋት ይላሉ፤ የእኔ ጠዋት የቱ እንደሆነ እኔም አላውቀውም» አለችኝ።

ልክ ነሽ፣ እኅቴ፣ አልኳት። ለአንቺ የግድግዳ ሰዓት አይሠራም። ጽሑፍሽን ከሰዓት ፈትተሽ ከድርጊት ጋር እሰሪው። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናው ነገር አለ፤ ሰው «እጽፋለሁ» ብሎ ከሚወስን ይልቅ «ይህ ሲሆን፣ ያኔ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ሲወስን ይበልጥ ይፈጽመዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር 94 ሙከራዎችን አሰባስቦ አይቶታል። ቀንም ግቢ ሌሊት፣ ሁልጊዜ የምታደርጊው አንድ ነገር ምንድን ነው?

ትንሽ አሰበች። «ጋውኔን አውልቄ ሎከር ውስጥ እሰቅላለሁ።»

እንግዲያውስ ደብተርሽ ሎከሩ ውስጥ ይኑር፣ አልኳት። ጋውኑ ሲሰቀል ደብተሩ ይወጣል። ቆመሽ ሁለት መስመር። ለመሆኑ የጀመርሽው ነገር አለ?

«አለ። አንዲት ሴት አውቶቡስ ውስጥ ትቻታለሁ። ሁለት ወር ሆናት።»

ወዴት እየሄደች ነው?

«ወደ ልጇ ጋ» አለች ወዲያው። ከዚያ ዝም አለች። አዳራሹም አብሮ ዝም አለ። «አይ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከልጇ እየራቀች ነው። ትኬቱን የቆረጠላት ልጇ ነው።»

ይህን ብላ ቁጭ አለችና ከቦርሳዋ እስክሪቢቶ ፈልጋ አወጣች። የምትጽፍበት አጥታ የስብሰባውን ፕሮግራም ገለበጠችው። ቀጣዩ ጠያቂ እጁን አንሥቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ አወረደው። ጽፋ እስክትጨርስ ጠበቅናት።